ሰልባትዮው ውስጥ የገባው ውሃ

ጥር 4 ቀን 2014
ጎረቤቴ ተሾመች ዛሬም ኩላሊቷ ሲያሰቃያት አደረ። ሾርባ ይዤላት ሄድሁ። ባሏ አሻግሬ አጠገቧ ተቀምጦ እግሯን ያሻል። ልጃቸው ከጅዳ ደውላ ስታለቅስ ነበር አሉ… ምን ታድርግ እሷስ?
ስመለስ ባሌ ሀሚዱ ከአሮጌው ጭነት መኪናችን ጋር ይታገላል። ጦርነቱ ካለፈ ወዲህ ገና ዛሬ መሞከሩ ነው። ናፍጣ ከሚቸረችረው ከአሻግሬ በጀሪካን የገዛውን ጨምሮበታል። ሞተሩ ተነሣ፣ ሳል እንደያዘው ሰው ተንዘፈዘፈ፣ ጠፋ።
እኔ ወደ ጓዳ ገባሁ።

ጥር 5
መካኒኩ ጠሃ መጣ። ከፊልትሮው፣ ከናፍጣ ማጣሪያው፣ የወጣውን በጠርሙስ አድርጎ ፀሐይ ላይ አቆመው። ከላይ ናፍጣ፣ ከታች ውሃ።
"በዚህስ ጀልባ ነው የሚነዳ!" አለ።
ሀሚዱ አልሳቀም። "አሻግሬ! ጎረቤቱን!" መናኸሪያ ወርዶ ለሾፌሩ ሁሉ "ከሱ እንዳትገዙ" ብሎ መጣ።
ያረቢ… ውሃውን የጨመርሁት እኔ ነኝ። ታጣቂዎቹ የሰው መኪና ሲወስዱ፣ ሀሚዱ ልጆቹን ይዞ ገጠር ሸሽቶ እኔ ቤት ልጠብቅ ቀርቼ ነበር። እታች ካለው ሐይቅ አንድ ጀሪካን ቀድቼ ሰልባትዮው፣ የነዳጁ ማጠራቀሚያ፣ ውስጥ ገለበጥሁት። አስነሥተውት በር ላይ ሲጠፋባቸው በእርግጫ መትተውት ሄዱ። ሀሚዱ "ዱዓ አድርጌበት ስለሄድሁ ነው የተረፈው" እያለ ለሰው ሁሉ ያወራል። እንዲያ ደስ ብሎት… እንዴት ደስታውን ልንጠቀው?

ጥር 7
ሰልባትዮውን አወረዱት። ጠሃ ቁራጭ ሰንሰለትና ትንሽ ናፍጣ ከቶ፣ አፉን ደፍኖ፣ ሁለቱ እንደ እርጎ ናጡት። ጥቁር፣ የሚሙለጨለጭ ጭቃ ወጣ። ውስጡ ትንንሽ የቀንድ አውጣ ቅርፊት!
ሀሚዱ መዳፉ ላይ አድርጎ "አያችሁ? ከሐይቁ እየቀዳ ነው የሚቀላቅለው! ነገ ሽማግሌ ፊት አቀርበዋለሁ!" አለ።
አሻግሬ ከአጥሩ ማዶ ሰማ። ወደ በሽተኛዋ ገባ።
አልቻልሁም። "እኔ ነኝ" አልሁ። ሁሉንም ነገርኋቸው። ጠሃ መፍቻውን አስቀመጠ።
ሀሚዱ ቅርፊቱን እያየ "ዱዓዬስ?" አለ።
"ዱዓህ እኔን አግኝታኝ ይሆናላ" አልሁት።
ሊስቅ ነበር። ወደ አጥሩ ሲያይ ግን ፊቱ ጠቆረ።

ጥር 8
ሀሚዱ መናኸሪያ ወርዶ ለያንዳንዱ ሾፌር "በሰውየው ላይ ዋሽቻለሁ" አለ። ከዚያ አሻግሬ ዘንድ ሄድን። ሀሚዱ እግሩ ላይ ሊወድቅ ሲል አሻግሬ "ተው፣ የታመመ ሰው ተኝቷል" ብሎ ከበር መለሰን።

ጥር 10
አዲስ ፊልትሮ ገባ፣ ከነዳጅ መስመሩ አየሩ ወጣለት። መኪናው ተነሣ… ሲሠራ ዋለ፣ አልሐምዱሊላህ።
አሻግሬም መጥቶ ነበር። ሀሚዱ ወንበር ቢያቀርብለት አልተቀመጠም። ወደኔ ዞሮ "ሙጂባ፣ ያን የታጣቂዎቹን ሰሞን እኔም እኮ እዚሁ ነበርሁ። ብትነግሪኝ ውሃውን አብሬሽ እቀዳ ነበር" አለኝ።