ለአጭሩ አፈሙዝ የሚሆነው ባሩድ

ክላይድ፣

ለቅዳሜው የአጋዘን አደን ቀለህ ስትሞላ ቀዩን ቆርቆሮ እንዳትነካው። ውስጡ ያለው ባሩድ ቀስ ብሎ ነው የሚነደው፤ ለአባባ ረጅም አፈሙዝ እንጂ አንተ ላሳጠርከው አይሆንም። ነዶ ሳያልቅ ከአፈሙዙ ይወጣና ውጭ ላይ በከባድ ድምፅ ይፈነዳል። ፈጥኖ የሚነደውን ገዝቼ መደርደሪያው ላይ አስቀምጬልሃለሁ። መጠኑን ከቀለህ አሞላል መጽሐፉ እይና በሚዛን ለካ፣ በግምት አይሆንም።

አፈሙዙን መቁረጥ አልነበረብህም። የአባባ ጠመንጃ ነበር።

ግን ሦስት ዓመት ሙሉ ከቀዩ የሞላሁልህ እኔ ነኝ፤ የአባባን ልማድ አልለውጥም ብዬ። በተኮስክ ቁጥር ጆሮህን ስትይዝ "ምነው ወንድሜ፣ ፈራህ እንዴ?" እያልኩ ሰው ፊት ሳቅኩብህ።

ቤት ውስጥ ስጠራህ ዝም ስትለኝ ኩርፊያ መስሎኝ እኔም አኮረፍኩ። ማክሰኞ ውሃው ፈልቶ ማንቆርቆሪያው እያፏጨ፣ አጠገቡ ቆመህ መስኮት መስኮቱን ስታይ ነው የገባኝ።

ቢዩት ከተማ፣ እህታችን ዶሪስ ጋ ሄጃለሁ። መቼ እንደምመለስ አላውቅም። ሾርባው ፍሪጅ ውስጥ ነው።

ጠዋት ከጀርባህ ቆሜ ይቅርታ ብዬሃለሁ። እንደማትሰማኝ እያወቅኩ ነው።

ዎረን