መቶ በመቶ ሙሉ ነኝ እያለ ስለሞተው ባትሪ

ለተከበሩ የላፕቶፕ ፋብሪካው የፈርምዌር ክፍል ኃላፊ፣
ባሉበት።

ክቡር ሆይ፣ እንደምን ሰነበቱ? በሀብሩ ወረዳ፣ በመርሳ ከተማ የምንገኝ ደንበኞችዎ ጦርነቱ ካስተረፈልን ጤና ላይ ቆርሰን ለእርስዎ ሙሉ ጤና እንመኛለን፤ ምኞታችንም ልክ እንደ ባትሪዎ ጠዋትም ማታም መቶ በመቶ ነው።

እኔ ሃፍቶም አረጋዊ እባላለሁ፤ መናኸሪያው አጠገብ ኮምፒውተር እጠግናለሁ። በእርዳታ የመጣ አንድ የእርስዎ ላፕቶፕ በአንድ ክሊኒካችን የመድኃኒት ፍሪጅ ይጠብቃል። ቴርሞሜትር ተሰክቶበታል፤ ፍሪጁ ሲሞቅ ወይም የላፕቶፑ የራሱ ባትሪ ሲደክም ይጮሃል፣ ነርሷ ሲስተር ፋንቱም ትደርስለታለች። ፍሪጁ ውስጥ የጎረቤቴ የጋሽ ማሩ ኢንሱሊን አለ፤ እሳቸው ያለ ኢንሱሊን አይከርሙም። እንግዲህ ምስጋናዬን በተራ ላቅርብ።

አንደኛ፣ ስለ ምስክርነትዎ። እርስዎ ፋብሪካ ላይ ጽፈው ማሽኑ ውስጥ የሚያስቀምጡት ፈርምዌር፣ ባትሪው ስንት እንደቀረው ለከርነሉ ይነግረዋል፤ ከርነሉ፣ ማለትም ኮምፒውተሩን የሚያስተዳድረውና ማንም ከፍቶ ሊያርመው የሚችለው የሲስተሙ እምብርት፣ የተነገረውን አምኖ ሥራውን ይቀጥላል። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል፤ የእርስዎ ግን ጨርሶ የማይቀል ሆኖ ተገኘ! መብራት ጠፍቶ በሶላር በምንኖርበት ጊዜ፣ ደመና በዋለበት አንድ ቀን፣ ማሽኑ መቶ በመቶ ሙሉ ነኝ ብሎ ሲምል ቆይቶ ድርግም አለ። አልጮኸም። ፍሪጁም ቀስ እያለ ሞቀ። ሲስተር ፋንቱ ለሌላ ጉዳይ ገብታ ብልቃጦቹን በእጇ ባትነካ ኖሮ ጋሽ ማሩን ዛሬ በነፍስ ይማር እናነሳቸው ነበር፤ የደሴ መንገድ ተዘግቶ ስለነበር ምትክ ከየት ይመጣል? ብልቃጦቹን በእርጥብ ጆንያ በጠቀለለችው ማሰሮ ውስጥ አስቀምጣ አትርፋቸዋለች። እኔ ግን ያን ዕለት ላፕቶፑን ፈትቼ በኩራዝ ሳገላብጠው አመሸሁ፤ ይህንንም ከስጦታዎ ቆጥሬዋለሁ።

ሁለተኛ፣ ኔትወርክ ሲመለስ ለጻፍኩት አቤቱታ ስለሰጡኝ መልስ እጅ እነሳለሁ። ችግሩ እናንተ በምትደግፉት ሲስተም ላይ እንዳልታየ፣ ለማንኛውም ማሽኑን በአቅራቢያችን ወዳለው የአገልግሎት ማዕከል እንድንወስደው መክረውናል። በአቅራቢያችን ያለው ማዕከል ባሕር ማዶ ነው። እኛ በዚያ ሰሞን እዚሁ ጎረቤት ያለችው ውርጌሳ ደርሶ መመለስን ራሱን እንደ ሰመረ ስለት እንቆጥረው ነበር።

ሦስተኛ፣ ምክርዎን መከተል ስላልቻልኩ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ መፍትሔውን ከጋሽ ማሩ ተማርኩ። ግንባሩ ወደ እኛ ሲጠጋ፣ መንገዱም ሳይዘጋ፣ ከእሳቸው ጋር ይህንኑ ኢንሱሊን ከደሴ ይዘን ስንመለስ የአካባቢው ጎረምሶች ውርጌሳ ኬላ ላይ አስቆሙን። መታወቂያዬን አዩ፤ ስሜ የትግራይ ስም ነው። መርሳ ተወልጄ መርሳ ማደጌን ብናገር ማን ሰምቶኝ! ጋሽ ማሩ ከሚኒባሱ ወርደው፣ «በእኛ አገር ሰው ሲጠረጠር የሚጠየቀው ጎረቤቱ ነው፣ ግድግዳ ለግድግዳ የኖርኩት እኔ ነኝና እኔን ጠይቁኝ» አሉ። ጠየቋቸው፤ አለፍን።

እኔም ከርነሉን እንደዚያው አዘዝኩት፦ ይህ ፈርምዌር ስለ ባትሪው የሚለውን ተወውና ጎረቤቱን፣ ከባትሪው ጎን ሆኖ ቮልቴጅ የሚለካውን ቺፕ ጠይቅ። ከዚያ ወዲህ ማሽኑ ከመሞቱ በፊት ይጮሃል፤ ብልቃጦቹም ቀዝቅዘው ያድራሉ። ከርነሉን በየአገሩ ሆነው የሚጽፉት ሰዎች ጥገናዬን በደስታ ተቀበሉት። አንዳንዶቹ እንዲያውም የዚህን ፋብሪካ ማሽን በሙሉ አንመን ብለው ነበር፤ እኔ ነኝ እምቢ ያልኩት። በስም ብቻ መጠርጠር እንዴት እንደሚያም ኬላ ላይ ቆሜ አውቄዋለሁ። ስለዚህ ጥርጣሬው ያንን አንድ ሞዴልና ያንን አንድ የፈርምዌር ቁጥር ብቻ እንዲነካ አድርጌ ጻፍኩት፤ የቀሩት ማሽኖችዎ በሰላም ይለፉ፣ እርስዎም አርመው አዲስ ቁጥር ያወጡ ዕለት ጥርጣሬው በራሱ ይነሳል። ከዚህ በላይ ደግ መሆን አልቻልኩበትም።

ከሙሉ አክብሮት፣ ከማያልቅ ምስጋናና ከግማሽ ባትሪ ጋር፣
ትሑት አገልጋይዎ
ሃፍቶም አረጋዊ
መርሳ፣ ሰኔ 2014 ዓ.ም.

ከፈረምኩ በኋላ የሰማሁት፦ አዲስ ፈርምዌር ማውጣትዎን ሰምቼ እልል እያልኩ ሱቄ ውስጥ ሞከርኩት። ቁጥሩ ተለውጧል፤ ውሸቱ እንዳለ ነው። አዲሱንም ቁጥር ከርነሉ ከማያምናቸው ተርታ፣ ከታላቅ ወንድሙ ጎን አስገብቼልዎታለሁ። ጋሽ ማሩ ደህና ናቸው፣ ሰላም ብለውዎታል፤ ወደ መርሳ ብቅ ካሉ ቤታቸው ቤትዎ ነው። ብቻ ኬላ ላይ ስለ ራስዎ የሚናገሩትን የሚያምን ስለማይገኝ፣ እባክዎ ጎረቤትዎን ይዘው ይምጡ ብለዋል።