ወልድያ ያገኘነው ኤንትሬ

ፈይሩዝዬ፣ ደህና ነሽልኝ?

እኛ መርሳ አይሱዙ ብቻ ነው የምናየው። ወልድያ ግን አንድ ጋራዥ ውስጥ፣ አያቴ ድሮ ብርቱካን ያመላልሱበት የነበረውን ዓይነት አሮጌ ኤንትሬ የጭነት መኪና አገኘን። ጋቢናው ላይ መውጣት አማራቸው፤ መጠየቁ ግን ከበዳቸው። እንደምንም ደፍሬ ባለጋራዡን ለመንኩላቸው።

«ሞተር የለውም እኮ!» ብሎ ሳቀ።

«መሪ አለው?» አሉ አያቴ።

«አለው። አብሽሩ፣ ይውጡ!»

መሪውን እንደጨበጡ፣ ያኔ ረዳታቸው የነበሩትን አያትሽን ተጣሩ፤ «ዓሪፍ፣ ታኮ አንሳ!»

አንገታቸውን በመስኮት አውጥተው ይፈልጓቸው ጀመር። እኔም ጎማው ሥር ታኮ ወደተደረገው ድንጋይ ጎንበስ ብዬ፣ ሳልነካው «ተነሥቷል!» ብዬ ጮህኩ። ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። አያቴ ግን ሳቁ።

ለእናትሽ ሰላም በይልኝ። ይህን ካርድ ለአባባ ዓሪፍ አንብቢላቸው፤ አያቴ ዛሬም የሚጣሩት እሳቸውን ነው።

ዓቢዳ