ያልለካሁት ድልድይ

ሰኞ፣ የካቲት 3
ዛሬ ቢሮ ሰባት የጭነት ማለፊያ ማመልከቻ ገባ። ከልክ በላይ የጫነ ሁሉ "የኔ ፈቃድ ይቅደም" ባይ ነው። ትልቁ የዓርቡ… ትራንስፎርመር የጫነ ተሳቢ፣ ቁመቱ ከነጭነቱ አራት ሜትር ከሰማንያ አምስት። ለከባድ መኪና በተፈቀደው የሰፈር መንገድ፣ በእግረኛ ድልድዩ ስር ያልፋል። የቢሮው መዝገብ የድልድዩን ከፍታ አራት ከዘጠና አምስት ይላል። ይበቃል። "በቦታው ተለክቷል" የሚለው ላይ ምልክት አድርጌ ፈረምኩ።

ሄጄ ለካሁ? የለም። ማን ይሄዳል? ድልድይ አያድግ፣ አያጥር።

ረቡዕ፣ የካቲት 5
እህቴ ደወለች። ሱቋ እዛው ድልድይ ደረጃ ስር ነው። "ወንድምዬ፣ አስፋልቱን ደራርበውበት መንገዱ ከደጄ በላይ ሆነ። ዝናብ በጣለ ቁጥር ሱቄ ኩሬ ነው። ለአለቆችህ ንገርልኝ እንጂ!"

"እኔ የመኪና እንጂ የጎርፍ ሹም አይደለሁም" ብዬ ቀለድኩባት። ስልኩን ዘግቼ ፋይል ገለጥኩ፣ ከደንኩ… መንገዱ ከፍ አለ? ታዲያ ከድልድዩ ጋር ያለው ርቀትስ? መዝገቡ የተጻፈው ከአስፋልቱ በፊት ነው። አንድ ቦታ መቀመጥ አቃተኝ።

ሐሙስ፣ የካቲት 6
የመለኪያ ዘንጉን ይዤ ሄድኩ። አራት ከሰማንያ። ደግሜ ለካሁ። አራት ከሰማንያ። ሦስተኛም። መኪናው በአምስት ሳንቲ ሜትር ይበልጣል። ከላይ ተማሪዎች እየተጋፉ ይሻገራሉ።

"ምን ያንቆራጥጥሃል? ቁጭ በል እስቲ" አለችኝ እህቴ። "ሥራ ነው" አልኳት።

ሌላ መንገድ እንዲይዝ ለሾፌሩ ሹክ ብልስ? ፈቃዱ ላይ በሌለ መንገድ አይሄድ ነገር። ለአለቃዬ ከነገርኩ ደግሞ "ለክቻለሁ ብለህ ፈርመህ የለ?" ይሉኛል። አስራ ሁለት ዓመት ሙሉ "የእሱ ፊርማ አይጠረጠርም" ተብዬ! ፈራሁ። እውነቱ ይሄ ነው፤ ከመኪናው ይልቅ አለቃዬን ፈራሁ።

ዓርብ፣ የካቲት 7
ቢሮው ሳይከፈት ደረስኩ። አለቃዬን በር ላይ ያዝኳቸውና መኪናው በድልድዩ ስር እንደማያልፍ ነገርኳቸው።

"ለክተሃል አልለካህም?"

"አልለካሁም።"

እዛው ቆመው መኪናው ያደረበት ሚዛን ጣቢያ ደወሉ። መኪናው ሊወጣ ሲል አስቆሙት። የሾፌሩ ጩኸት ከስልኩ አልፎ እኔ ድረስ ተሰማ። "የቸኮለ አፍሶ ለቀመ" አሉኝ አለቃዬ፤ "ያለፈው አለፈ፣ ሁለተኛ እንዳይለምድህ።" በቃ። እንዲህ ይቀላል?

ከሥራ ስወጣ ለእህቴ ሁሉንም ነገርኳት። ትሰድበኛለች ብዬ ነበር። እሷ ግን፣ "ሌሎቹስ? ሳትለካ የፈረምክባቸው?" አለችኝ።



ረቡዕ፣ የካቲት 12
ማንም አላዘዘኝም። ቀናቸው ያላለፈ አስራ አንድ ፈቃዶች አወጣሁ። ሁሉም ላይ የኔ ምልክት… ከሰኞ ጀምሮ ዘንጉን ተሸክሜ እዞራለሁ። የቢሮ ልጆች "ሰማይ ለኪው" የሚል ስም አውጥተውልኛል። ይበሉ። አምስቱ ልክ ናቸው። ስድስተኛው፣ መንገዱን ከላይ የሚያቋርጠው የውሃ ቱቦ፣ ከተፈቀደው ጭነት ቁመት በአስር ሳንቲ ሜትር ያንሳል። እዛው ቆሜ ደወልኩ።

"ደግሞ ምን ተፈጠረ?" አሉ አለቃዬ።

"ሌላም አለ" አልኳቸው።