ከጀልባ ወደ ሜዳ፦ የአሠልጣኝ ጊልበርት ፍሌት የሕይወት ታሪክ

አሠልጣኝ ጊልበርት ፍሌት በስኮትላንድ ሰሜን ምሥራቅ ጠረፍ በምትገኘው የዓሣ አጥማጆች መንደር በፖርትኮሊ፣ ከአባታቸው ከጀልባ አዛዡ ከሄክተር ፍሌትና ከእናታቸው ከወይዘሮ በርታ ስሌተር እ.ኤ.አ. መጋቢት 12 ቀን 1944 ተወለዱ። አዋላጇ "ይህ ልጅ እግሩ አያርፍም" ማለቷን እናታቸው እስኪያረጁ ድረስ ሲያወሩት ኖረዋል፤ እግሩ የሚያርፍ ሕፃን የት አይተው እንደሆነ ግን አልተናገሩም።

በመንደሩ ትምህርት ቤት እስከ አሥራ አምስት ዓመታቸው ተምረዋል። በሒሳብ ደካማ፣ በሩጫ ግን የማይያዙ ነበሩ። ከዚያም እንደ ቤተሰቡ ወግ በአባታቸው ጀልባ ላይ መረብ መጎተት ጀመሩ። በ1962 ከግላስጎው አንድ ክለብ ሲጠራቸው አባትና ልጅ ተቀያየሙ። አባታቸው፣ "ኳስ ልትራገጥ? ሂድ። እኔ ግን ዕድሜዬን ሙሉ ባሕር ሳይ ኖሬያለሁ፤ ሣር ለማየት አልመጣም" አሏቸው። አዛዥ ሄክተር ቃላቸውን የሚያጥፉ ሰው አልነበሩም።

ጊልበርት በግላስጎው ለአሥራ አንድ ዓመታት በግራ ተከላካይነት 214 ጨዋታዎችን አድርገዋል። አራት ግቦችንም አስቆጥረዋል፤ አንዷ የገባችው በራሳቸው መረብ ቢሆንም ከቁጥሩ ቀንሰዋት አያውቁም። የውድድር ዘመኑ በተከፈተ ቁጥር ለአባታቸው የመግቢያ ትኬት በፖስታ ይልኩ ነበር። አባታቸው ትኬቱን ጠቅልለው ፒፓቸውን ይለኩሱበታል። ይህን መንደሩ ሁሉ ያውቃል፤ ጊልበርትም ያውቁ ነበር፤ መላካቸውን ግን አላቆሙም። ሃያ ሺህ ሰው እያያቸው አንድ ሰው አለማየቱ ያንገበግባቸው ነበር።

በ1968 የዳቦ ቤት ሻጭ ከነበሩት ከወይዘሪት ኤልስፔት ኩፐር ጋር ጋብቻ ፈጽመው ካትሪዮናንና ኒኒያንን ወልደዋል። በ1973 ጉልበታቸው ሲከዳቸው ወደ ትውልድ መንደራቸው ተመልሰው የፖርትኮሊ ክለብ አሠልጣኝ ሆኑ። ቡድኑ ከሰኞ እስከ ዓርብ ዓሣ አጥማጅ፣ ቅዳሜ ኳስ ተጫዋች ነበር። ከልምምድ የቀረ ሰው "ማዕበል ነበር" ካለ ይቅር ይባላል፤ "ሚስቴ ናት" ካለ ሜዳውን አምስት ጊዜ ይዞራል። ሜዳው ከአባታቸው ቤት ሦስት መቶ እርምጃ ቢርቅ ነው። አባትና ልጅ እሑድ እሑድ አብረው ምሳ ይበላሉ፤ ስለ ኳስ ግን ትንፍሽ አይባልም።

ግንቦት 5 ቀን 1979 ክለቡ በስድሳ አንድ ዓመት ታሪኩ የመጀመሪያውን ዋንጫ ለማንሳት አንድ ድል ብቻ ቀረው። ጨዋታው ሊጀመር ሃያ ደቂቃ ሲቀረው፣ ከኤዲንብራ ከመጡ ገና ሁለት ሳምንት የሆናቸው ቄስ ፋርከር ማክሌይ መልበሻ ክፍል ገብተው ተጫዋቾቹን አንድ በአንድ ጨበጧቸው። ሰውዬው በቅን ልቦና ነው። በፖርትኮሊ ግን ወደ ሥራ ሲወጣ ቄስ ያጋጠመው ሰው የዚያን ቀን ጀልባውን አያነቃንቅም። ክፉውን የሚሽረው ብረት መንካት ነው፤ ብረቱንም የሚያስነካው የገዛ አዛዡ ብቻ ነው። ከአሥራ አንዱ ሰባቱ የአዛዥ ሄክተር መርከበኞች ነበሩ። በረኛው "አይፍረዱብን አሠልጣኝ፣ እግራችን ይሰበራል" ብሎ ጫማውን መፍታት ጀመረ።

ጊልበርት በአዲሱ ሙሉ ልብሳቸው ወደ ወደቡ ሮጡ። አባታቸው መረብ ይጠግናሉ።

"አባባ፣ ልጆቹ አንገባም አሉ።"

"ምን ሆነው?"

"ቄሱ ጨበጧቸው።"

"ሁሉንም?"

"ተቀያሪዎቹን ሳይቀር።"

አዛዥ ሄክተር መርፌውን ጣሉ። "ታዲያ ምን ይገትርሃል? ያንን መልሕቅ አንሳ!"

ለኳስ ሳይሆን ለባሕር ሕግ ሲሉ መጡ። ሰባቱ መልሕቁን ነኩ፤ አራቱም ለማንኛውም ብለው ነኩ። ግራ ገብቷቸው በር ላይ ለቆሙት ቄስም፣ "እርስዎም ይንኩት እንጂ፣ ማን ያውቃል" አሏቸው፤ ቄሱም ነኩ። ፖርትኮሊ ሁለት ለአንድ አሸነፈች። አዛዥ ሄክተር መልሕቁ ላይ ተቀምጠው እስከ መጨረሻው ፊሽካ አዩ፤ ሲያበቃም "ያ ሰባት ቁጥርህ እንቅልፋም ነው" አሉ። ከዚያ ወዲህ በ1991 እስካረፉበት ጊዜ ድረስ በሜዳው የተደረገ አንድም ጨዋታ አላመለጣቸውም።

የዚያን ዕለት መልሕቁን ተጋግዘው ሲመልሱ፣ አባት ፊታቸውን ወደ ባሕሩ አዙረው "ስትጫወት እንዴት ነበርክ?" ብለው ጠየቁ። ስለ አንድ ቅጣት ምት ሁለት ሰዓት የሚያወሩት ጊልበርት "ደህና ነበርኩ" ከማለት በቀር ቃል አልወጣቸውም። ይህን የነገሩን በመጨረሻው ሕመማቸው ወቅት ነው፤ እየሳቁ ጀምረው እያለቀሱ ጨረሱት።

አሠልጣኝ ጊልበርት ባደረባቸው የልብ ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ኅዳር 9 ቀን 2019 በሰባ አምስት ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ። ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውንና አምስት የልጅ ልጆቻቸውን ትተው ሄደዋል። የቀብሩን ሥርዓት የሚመሩት ቄስ ፋርከር ናቸው፤ አስከሬኑን የሚሸከሙ የቀድሞ ተጫዋቾች አስቀድመው እንዳይጨብጧቸው ቤተሰቡ በትሕትና ያሳስባል።

እግዚአብሔር ነፍሳቸውን ከአባታቸው አጠገብ ያሳርፍልን። 214ቱንም ጨዋታዎች ሳይቸኩሉ፣ ከመጀመሪያው ደቂቃ ጀምረው ይንገሯቸው።