የቡሄው ሜዳና የእድላዊት ቤት

ለውዷ እህቴ ለእታለም ኤልፍነሽ፤

እንዴት ከርመሻል? ክረምት በገባ ቁጥር የሚነሳብሽ ጉልበትሽ ዘንድሮስ ማረሽ ወይ? ጋሼ ደግፌ ዓይናቸውን ሐኪም አሳዩ ወይስ እንደ ልማዳቸው «ነገ» እያሉ ነው? ጎረቤቱስ፣ ሰፈሩስ ሰላም ነው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ከናፍቆታችሁ በቀር አካሌ ደህና ነው። ልቤ ግን ደህና አይደለም። እስቲ አረፍ ብለሽ አንብቢልኝ፤ ቆመሽ የምትጨርሺው ወሬ አይደለም።

የምኖርበትን ካምፕ በፎቶ አይተሽዋል። ከዌምብሊ አልፎ አውቶቡሱ የሚያልቅበት ሜዳ ነው፤ ትምህርት ሲዘጋ የድሃ ልጆች እየመጡ በድንኳን የሚሰነብቱበት። ባለቤቱ አንድ የበጎ አድራጎት ድርጅት ነው፤ እኔ ደግሞ ጠባቂውም፣ አናጢውም፣ ሣር አጫጁም ነኝ። ፓርክ ሮያል ፋብሪካ ውስጥ ስንት ዓመት ሳንድዊች ስጠቀልል ኖሬ ይህን ሥራ ሳገኝ ያስደሰተኝ ሥራው አልነበረም። በሩ አጠገብ ያለችው ባለ ሁለት መኝታ ቤት ናት። የኤምባሲ ሰዎች ልጅህን ከማምጣትህ በፊት የምትተኛበትን ክፍል አሳይ ይላሉ። ያቺን ቤት አሳይቼ ነው በሐምሌ ለእድላዊት አፕላይ ያደረግነው። ይህ ማመልከቻ ቢወድቅና በጥር አሥራ ስምንት ዓመት ቢሞላት፣ ከዚያ ወዲያ ልጄ ናት ብዬ ላመጣት አልችልም። ይህን አንቺም ታውቂዋለሽ።

ባለፈው ወር አለቃዬ ማርጋሬት ጠርታ ሳትደባብቅ ነገረችኝ። ድርጅቱ ካምፑን መያዝ አቅቶታል፤ ካውንስሉም፣ የአካባቢው ምክር ቤት ማለቴ ነው፣ ገዝቶ ፓርክ ሊያደርገው እያሰበ ነው። ከገዛው ሜዳው ሜዳ ሆኖ ይቀራል፤ የካምፑ ልጆችም፣ እኛ ሐበሾቹም እንደ ድሯችን እንጠቀምበታለን። የኔ ቤት ግን ይፈርሳል፤ ካውንስሉ የራሱ ጠባቂዎች አሉት። አልገዛም ካለ ደግሞ ድርጅቱ እንደምንም ሁለት ዓመት ይንገታገትና ለቤት ሠሪ ኩባንያ ይሸጠዋል። ሁለት ዓመት ለእኔ ከበቂ በላይ ነው። እውነቱን ልንገርሽ፣ ካውንስሉ እንዳይገዛ ለአቦ ተሳልኩ።

ጉዱ የመጣው በቡሄ በኩል ነው። እዚህ አገር ችቦ ማብራት ቀላል እንዳይመስልሽ። አንድ ዓመት በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ብናበራ ጎረቤት ደውሎ ሁለት የእሳት አደጋ መኪና ሰደደብን፤ ቀሲስ ካባቸውን እንደለበሱ ለፖሊስ ሲያስረዱ አመሹ። ከዚያ ወዲህ ማርጋሬትን ለምኜ ቡሄ በካምፑ ሜዳ ሆነ። ኤሌፋንት ኤንድ ካስል የሚባል ሰፈር ፎቅ ላይ ተወልደው ያደጉ ልጆች ጅራፍ ሲያጮኹ ብታዪ እልል ትያለሽ። ደግሞም በዘጠና ሰባቱ ምርጫ ሰበብ ማኅበራችን ለሁለት ተሰንጥቆ ሰው ሰላምታ እስከ መነፋፈግ ደርሷል። ልጆቹ ሲጨፍሩ ለማየት ብቻ ነው አንድ ላይ የሚቆመው።

ታዲያ የካውንስሉ ስብሰባ ሳምንት ሲቀረው ከሁለቱ ወገን ጋሽ ሐብታሙና አቶ ፀሐዬ ቀሲስን አስቀድመው ሽማግሌ ሆነው ቤቴ መጡ። ሁለቱ ከምርጫው ወዲህ ቃል ተለዋውጠው አያውቁም። ቁጭ በሉ ብላቸው ጉዳያችን ሳይፈጸም አንቀመጥም አሉ። ጋሽ ሐብታሙ ስኳር እግራቸውን ጎድቷቸው በከዘራ ነው የሚሄዱት፤ እሳቸውም ከበሩ ሥር ቆመው ቀሩ። ልመናቸው፣ ሜዳውን ከአንተ በላይ የሚያውቀው የለም፣ ስብሰባው ላይ ተነስተህ ካውንስሉ እንዲገዛ ተናገርልን ነው። ቤቴ እንደሚፈርስ አያውቁም። እኔም አልነገርኳቸው። ለራሴ ስል የልጆቻችሁን ሜዳ ላስበላ ልበል? ይሉኝታ አፌን ያዘኝ፤ የጋሽ ሐብታሙ እግር ሲንቀጠቀጥም አየሁ። እሺ አልኩ፤ ተቀመጡ።

በሆዴ ግን ሄጄ ሁለት ቃል ተንተባትቤ እመለሳለሁ ብዬ ነበር። ለአንድ ሰው ሦስት ደቂቃ ነው የሚሰጡት። ከእኔ በፊት አንድ ዘናጭ ሰውዬ ተነስቶ እዚያ ሜዳ ላይ ከጥንቸል በቀር የሚመጣ የለም፣ ለባዶ ቦታ ምን ያደክማችኋል አለ። እታለም፣ ቁጣዬን ታውቂው የለ? ደሜ ፈላ። አጥሩን የጠገንኩት እኔ፣ የልጆቹን ድንኳን የተከልኩት እኔ፣ ጨለማ ፈርተው ሲያለቅሱ ያባበልኳቸው እኔ። ስንት ልጅ በየዓመቱ እንደሚመጣ፣ መጀመሪያ ቀን ጫማውን አውልቆ ሣር መርገጥ የሚፈራው ልጅ ሲሄድ ምን እንደሚመስል፣ ስለ ቡሄያችንም አንድ ሳላስቀር ተናገርኩ። እንግሊዝኛዬ ይሰበር አይሰበር አላውቅም።

ስጨርስ አንዲት የካውንስሉ አባል ወረቀቷን ገልጣ፣ ካውንስሉ ከገዛ የአንተ ቤት እንደሚፈርስ ታውቃለህ ወይ ብላ ጠየቀችኝ። አውቃለሁ አልኳት። እያወቅክ ግዙ ትላለህ አለችኝ። ልጄ በዓይኔ ላይ መጣችብኝ። ዝም ብል ይበቃ ነበር፤ ዝም አላልኩም። አዎ አልኩ። ከኋላዬ የጋሽ ሐብታሙ ከዘራ ወለሉ ላይ ሲወድቅ ሰማሁ።

ስድስት ለአምስት ሆኖ ካውንስሉ እንዲገዛ ተወሰነ። በር ላይ ያቺ ሴትዮ ደርሳብኝ፣ አልገዛም ልል ነበር የመጣሁት፣ ሐሳቤን ያስቀየርከኝ አንተ ነህ ብላ እጄን ጨበጠችኝ። አመሰገንኳት።

እስከ ኅዳር መጨረሻ ልቀቅ ተብያለሁ። ለኤምባሲውም ቤቱ እንደማይኖር ራሴው ጽፌ ዛሬ ፖስታ ቤት አስገባሁ፤ ኋላ ቼክ ሲያደርጉ ቢደርሱበት ልጅቷን ውሸታም ብለው ጨርሶ ይዘጉባታል። ሽማግሌዎቹ ነገሩን ካወቁ ወዲህ እንቅልፍ የላቸውም። ጋሽ ሐብታሙና አቶ ፀሐዬ አብረው የሚከራይ ቤት ሲፈልጉልኝ ይውላሉ። እስካሁን ያገኙት አንድ ክፍል ብቻ ነው፤ አንድ ክፍል ለኤምባሲው አይሆንም። ጥር እስኪደርስ መፈለግ ነው፤ ተስፋ ግን ልሰጥሽ አልችልም።

ለጋሼ ደግፌ የአክብሮት ሰላምታዬን አድርሺልኝ፤ ዓይናቸውን ነገ ዛሬ ሳይሉ ይታዩ። ለቃልኪዳን፣ አዲሱ ዓመት የትምህርት ይሁንልሽ በይልኝ። ለታናሹ ለተክለአብ ጉንጩን ሳሚልኝ። እድላዊትን ስትነግሪያት አባትሽን ቤቱን ቀሙት እንዳትያት። ማንም አልቀማኝም። ተጠይቆ፣ አስቦ፣ በገዛ አፉ ሰጠው በያት። ከተቆጣች ዝም በያት፤ እውነቷን ነው።

ወንድምሽ ጥላዬ
ለንደን፣ ጳጉሜን 3 ቀን 2000 ዓ.ም.