ስለ ኢንጂነር ዙሃይራ ትሪጊ ዕረፍትና ስለ ግሬምዳ መንገድ ማቋረጫ

የራሕላ የከተማ ትራንስፖርት ዕቅድ ማኅበር መሥራችና ለሃያ ስድስት ዓመታት ከፍተኛ ባለሙያ የነበሩት ኢንጂነር ዙሃይራ ትሪጊ፣ ማክሰኞ ኖቬምበር 11 ቀን 2025 እ.ኤ.አ. ስፋክስ ከተማ ውስጥ የግሬምዳን መንገድ በእግር ሲያቋርጡ በጭነት መኪና ተገጭተው በስድሳ አንድ ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል። የማኅበሩ ቦርድ፣ ሠራተኞችና አባላት የተሰማን ሐዘን መሪር ነው። ሐዘናችን ከጥፋታችን ጋር የተቀላቀለ መሆኑንም ሳንደብቅ መናገር ይኖርብናል።

ኢንጂነር ዙሃይራ ማኅበሩን በ1999 እ.ኤ.አ. ከመሠረቱ ጀምሮ፣ ከተሞች ነዋሪዎቻቸው በአውቶቡስ፣ በብስክሌትና በእግር ያለ ስጋት የሚንቀሳቀሱበትን ዕቅድ እንዲያወጡ፣ ያወጡትንም እንዲፈጽሙ ሲደክሙ ኖረዋል።

በ2004 ከዓሣ ማሸጊያና ከልብስ ስፌት ፋብሪካ ሠራተኞች ጋር ለአራት ወራት እየተጓዙ ባካሄዱት ጥናት፣ አብዛኞቹ ሴቶች ከሥራ ሲወጡ የመጨረሻው አውቶቡስ ስለሚያመልጣቸው አርባ ደቂቃ በአስፋልት ዳር በእግር እንደሚሄዱ አረጋገጡ። በዚሁ መነሻነት የአንድ መስመር የአገልግሎት ሰዓት ተራዘመ። መስመሩ በ2012 ተቋረጠ።

በ2013 ለአራት ከተሞች የትራንስፖርት ዕቅድ አዘጋጁ። አራቱም ጸደቁ። አንዱም ሥራ ላይ አልዋለም።

በ2017 በግሬምዳ መንገድ፣ ከጤና ጣቢያው ፊት ለፊት፣ ከአስፋልቱ ከፍ ብሎ መኪኖችን የሚያዘገይ የእግረኛ ማቋረጫ በሙከራ ተሠራ፤ አንዱ ረድፍም ለአውቶቡስ ብቻ ተከለለ። በሰባት ወራት ውስጥ በዚያ ስፍራ አንድም እግረኛ አልተገጨም። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት በተመሳሳይ ወራት የተገጩት ዘጠኝ ነበሩ።

የመንገዱ ዳር ባለሱቆች ግን መኪና ማቆሚያ አጣን ብለው አቤት አሉ። ማኅበራችን በከተማው አስተዳደር አስተያየት ሲጠየቅ፣ በእጁ ያሉ ሌሎች ሥራዎች እንዳይታጠፉበት ሰግቶ፣ ሙከራው ቢነሳ ተቃውሞ እንደሌለው ጻፈ። አምስታችን የቦርድ አባላት ፈረምን። ኢንጂነር ዙሃይራ አልፈረሙም። ሰብሳቢያችን አቶ ሉጥፊ ጉርባል ነገሩ እስኪበርድ ትንሽ እንታገስ ሲሏቸው የሰጡት መልስ በቃለ ጉባኤው ሰፍሯል፦ «እናንተ ትታገሳላችሁ። ጤና ጣቢያ የሚሄደው ሰው ግን ነገ ጠዋት ይሻገራል።»

ማቋረጫው በሦስት ቀን ውስጥ ፈረሰ። ከዚያ ወዲህ ኢንጂነር ዙሃይራ እንዲመለስ አሥራ አንድ ጊዜ በጽሑፍ ጠይቀዋል። ሰባቱ ደብዳቤዎች የተጻፉት ለእኛ ነው። መልስ የሰጠነው ለሁለቱ ብቻ ሲሆን፣ ለሁለቱም «በጥናት ላይ ነው» ብለናል። ማክሰኞ ዕለት ኢንጂነር ዙሃይራ የደም ግፊት መድኃኒታቸውን ከጤና ጣቢያው ተቀብለው ወደ ፌርማታው ይሻገሩ ነበር።

ሐሙስ ዕለት ቦርዱ ለቅሶ ለመድረስ ወደ ቤታቸው ሄደ። እህታቸው ወይዘሮ ናዚሃ በክብር ተቀብለው አስቀመጡን። ልንሰናበት ስንነሳ፣ «በምን መጣችሁ?» ሲሉ ጠየቁን። አምስት ሰዎች በአምስት መኪና እንደመጣን ነገርናቸው። «እንግዲያው በደህና ግቡ» አሉን።

ማኅበሩ ሙከራው ቢነሳ ተቃውሞ የለኝም ያለበትን ያን ደብዳቤ ከዛሬ ጀምሮ በይፋ ሽሯል። ማቋረጫው ይመለሳል ብለን ግን ቃል አንገባም፤ ቃላችን ምን ያህል እንደሚመዝን አይተነዋል። ይህ መግለጫ በሚወጣበት ዕለትም ሰዎች በዚያው ስፍራ በመኪኖች መካከል እየሮጡ ይሻገራሉ።

ለወይዘሮ ናዚሃና ለመላው የትሪጊ ቤተሰብ፣ ላሠለጠኗቸው ባለሙያዎች፣ በየፌርማታው ለሚያውቋቸው ተሳፋሪዎች ሁሉ አላህ መጽናናቱን ይስጥልን። እሳቸውንም ይማራቸው። ይቅርታ ልንጠይቅ የሚገባን እሳቸውን ነበር።

የራሕላ የከተማ ትራንስፖርት ዕቅድ ማኅበር ቦርድ
ስፋክስ